ባለሙያዋ ስንት ይከፈላታል?

በቢቸናም ሆነ በሞጣ አንዲት ልጅ «ባለሙያ ናት» ከተባለች፣ ለጋብቻ የሚበቃ ምስክርነት ነው። እንጀራዋ ዓይናማ፣ ፈትሏ ቀጭን፣ ስፌቷ ያማረ ነው ማለት ነው። ወንዱ ባለሙያ ሲባል ግን አናጢ ወይም ግንበኛ ይሆናል፤ የቀን ዋጋውም አብሮ ይጠየቃል። አንዱ ቃል ለእሱ ደመወዝ፣ ለእሷ ምርቃት የሆነው በምን ምክንያት ይሆን?

ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ አይደለም። ከባሏ ተፋታ ከገጠር ከተማ የገባች ሴት የቤት ኪራይ ሲመጣባት ጠላ ትጠምቃለች፤ አረቄ ታወጣለች። ከዚያ ውጭ ያላት በልጅነቷ ለወግ የተማረችው የእጅ ሥራ ነው። ስንደዶውን በመስከረም ለቅማ፣ ቀለም ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች ወራት የፈጀችበትን ሞሰብ ይዛ ገበያ ትቀመጣለች። ገዢው ሞሰቡን ገልበጥ አድርጎ ያይና፣ «ሣሩን ከሜዳ አይደል ያመጣሽው፣ እኅቴ?» ይላታል። ወራቱን አይቆጥረውም። እናቱ እቤት ስትሰፋ ማንም ሲከፍላት አላየማ!

ፈትሉም እንዲሁ ነው። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ጊዜዋ «ትርፍ ጊዜ» ይባላል፤ ሸማኔው ግን የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ሸማኔ በአገራችን ሲናቅ የኖረ ባለእጅ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋማ ቡዳ ስትባል ኖራለች። ሆኖም የተናቁት ቢያንስ ዋጋ ይጠራሉ። የተከበረችውን ባለሙያ ግን ክብሯ ራሱ ዋጋዋን ይበላባታል።

ይህን አጥር ዘለው ያለፉ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከእንጦጦ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ የወንድ ሥራ በሚባለው ሽመና ላይ ተቀምጠዋል። ፈትል ብቻ ቢይዙ ኖሮ ያን ያህል የሚራመዱ አይመስለኝም።

«እንርዳቸው» የሚለው ቃል ግን አይዋጥልኝም። በርኅራኄ የተገዛ ሞሰብ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ገዢውም ለሁለተኛው አይመለስም። ሠሪዋም ስፌቷ ያማረ ይሁን የላላ የሚነግራት አታገኝም። ቀድሞ የምታውቀውን ሥራ እንደገና ከሚያሠለጥኗትስ የጥጥ መግዣ ቢያበድሯት አይሻልም? የፋብሪካ ክርና የፕላስቲክ ዕቃ ገበያውን ሲሻሙባት፣ ግዴታ ግዙላት ለማለት አልደፍርም። ከገዛሁ ግን ወራቷ ዕዳዬ ናቸው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ለተለጠፈበት ሸሚዝ ቃል ሳልተነፍስ ከፍያለሁ፤ መሬት ከተቀመጠችው ሴት ጋር ግን ግማሽ ሰዓት ተከራክሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ክርክር «ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?» ብዬ አልጠየቅኋትም።