መሠረት ከማስቆፈራችሁ በፊት

ከዳባትና ከደባርቅ አንሥቶ ከራስ ዳሽን ግርጌ እስካለችው አምቢኮ ድረስ፣ አባቶቻችን ክቡን ሣር ቤት በአንድ ችካልና በአንድ ገመድ አስምረው ይሠሩ ነበር። ባለ አራት ማዕዘኑ ቆርቆሮ ቤት ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማዕዘኑ ቀጤ ካልሆነ ጥፋቱ ተደብቆ ይቆይና ቆርቆሮ ሲመታ ይጋለጣል፤ የመጨረሻው ቆርቆሮ በአንዱ ጫፍ ይተርፋል፣ በሌላው ያጥራል። ያኔ መሠረቱን ማን ያፈርሰዋል? ስለዚህ ወገኖቼ፣ «በዓይኔ ልክ ነው» ብላችሁ አታስቆፍሩ።

ሳይት ፕላን ካላችሁ የየማዕዘኑ ኤክስና ዋይ በሜትር ተጽፎበታል። ቁጥሩ ረጅም ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ የምንፈልገው ልዩነቱን ስለሆነ፣ የፊተኞቹ አሃዞች አንድ ከሆኑ የመጨረሻዎቹ ይበቃሉ። አንዱ ማዕዘን 12 እና 7፣ ሁለተኛው 24 እና 16፣ ሦስተኛው 6 እና 15 ነው እንበል። ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ልዩነቱ 12 እና 9 ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 225። እስከ ሦስተኛው 6 እና 8፤ 100። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 18 እና 1፤ 325። የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ውጤት፣ 225 እና 100፣ ሲደመር ከረጅሙ ውጤት ከ325 ጋር እኩል ስለሆነ አንደኛው ማዕዘን ቀጤ ነው። ሦስተኛው ችካል 1 ሜትር ወደ ምዕራብ ቢሸሽ ግን ድምሩ 338፣ ረጅሙ 362 ይሆናል፤ ማዕዘኑ ወደ 94 ዲግሪ ተከፍቷል ማለት ነው። ይህን ቆሞ በማየት የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።

ወረቀቱ ልክ ሆነ ማለት መሬቱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ሜትር ያዙና ችካሎቹን ራሳችሁ ለኩ፤ የ225፣ የ100 እና የ325 ዳግም ዘር ተወስዶ ጎኖቹ 15 ሜትርና 10 ሜትር፣ ረጅሙም 18 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሊሆኑ ይገባል። የሰሜን መሬት ዳገት ነውና እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሜትሩን ዳገቱ ላይ ካስተኛችሁት ርቀቱ ከእውነቱ ይረዝማል። አግድም ወጥሩት፣ ጫፉን በቱምቢ ወደ መሬት አውርዱ፤ ዳገቱ ከበረታ እየከፋፈላችሁ ለኩ። የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ለቤት ማዕዘን አትመኑት።

ይህ ሒሳብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ነው። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ከጥቁር ሰሌዳው ወደ ሜዳው አውጧቸው፤ ችካል ይትከሉ፣ ይለኩ። ወላጆችም ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ልጃችሁን ከነደብተሩ ጥሩትና ቁጥሩን እንዲያሰላ አድርጉት።