የተዘለለችው መስመር

አክስቴን ባለፈው ጥር መካነ ሰላም ቀበርናት። የሕይወት ታሪኳን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውራጃው የኪነት ቡድን ቴአትር ተጫውታለች» የምትል መስመር ነበረችበት። ከማንበቤ በፊት ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው አዩና ጣታቸውን እዚያች ላይ አሳረፉ። «ይችን ዝለላት፤ ሙት አታስወቅስ።» ዘለልኳት። አምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ አለንጋ እንደሚፈራ ልጅ ዘለልኳት።

ወደ ደሴ ስመለስ መኪናው አቀስታ ላይ ተበላሸ። የዚያ አገር የጥር ብርድ ጋቢ አይመልሰውም፤ እንቅልፍም እንቢ አለኝ። የማደርገው ሳጣ ከየኔታ ጋር በሐሳቤ መሟገት ጀመርኩ።

የኔታ ልጅ ሳለን ያስተማሩን ቴአትር ሐሰት መሆኑን ነው፤ ያልደረሰባትን ሐዘን የምታለቅስ ሴት ትዋሻለች። ታዲያ አልቃሽስ? በእኛ አገር ለቅሶ ሙሾ አውራጇ ተጠርታ ትመጣለች፤ ያልወለደችውን «ልጄ» ትላለች፣ እጇም ባዶውን አይመለስም። በአክስቴ ለቅሶ ሙሾው ሲወርድ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን የጠረጉት እኚሁ የኔታ ነበሩ። ይኼን ክርክር እዚያው ዘጋሁት።

ነውሩ ሐሰቱ ሳይሆን ሴትነቷ ነው ይሉኝ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የጥንቶቹ ተዋንያን የባሰ አጥፍተዋል፤ በእኛ መድረክ ለብዙ ጊዜ ቀሚስ ለብሶ ሴት የሚሆነው ወንድ ነበር። ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ መጽሐፍ መከልከሉንም ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው! እንግሊዞችም እስከ 1660 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንዲሁ ነበሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሼክስፒር «ኦቴሎ» የዴዝዴሞናን ቦታ አንዲት ሴት ተጫወተች። ሴት እንደምትወጣ ለተመልካቹ አስቀድሞ በግጥም ሲነገር ስሟ ግን አልተመዘገበም። ማርጋሬት ሂውዝ ናት የሚሉ አሉ፤ አን ማርሻል ናት የሚሉም አሉ። እኛም የመጀመሪያዋ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ ናት፣ የለም፣ አስናቀች ወርቁ ናት እንባባላለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. «ዳዊትና ኦርዮን» በተባለው የመኰንን እንዳልካቸው ድርሰት ከተከፈተ ገና ሰባ ዓመት ገደማ ነው፤ እማኙ ሁሉ ሳያልቅ ነው የምንከራከረው። ይኼ ክርክር ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን እቀናበታለሁ፤ የምንጣላበት ስም አለና። አስናቀች ክራሯንም መድረኩንም ይዛ አዝማሪ መባሉን ችላ ኖረች፤ በመስከረም 2004 ስታርፍ አገር በስሟ አለቀሰ። እንግሊዞቹም ኤለን ቴሪን፣ በዘጠኝ ዓመቷ መድረክ የወጣችውን፣ በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በክብር ማዕረግ «ዴም» አሏት።

እስከዚህ ድረስ አሸናፊው እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን የገተረኝ የኔታ ያላነሱት ነገር ነው፤ አክስቴ ራሷ ደብቃው ነው የኖረችው።

አንድ ጊዜ ጠይቄያት አውቃለሁ። «ተወው ልጄ፣ የልጅነት ነገር ነው» አለችና ጀበናዋን አነሳች። እኔ ግን አይቻታለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ በአዳራሹ መስኮት ተንጠልጥዬ አየኋት፤ ሃያ ዓመት ያልዘለላት ልጅ፣ ልጇን ዘመቻ የሸኘች መበለት ሆና፣ ጎብጣ፣ ምርኩዝ ይዛ። አላወቅኋትም። ሳቋን ስሰማ ነው ያወቅኋት፣ ያውም ካለቀ በኋላ። አርጅታ እንኳ እንደዚያ ጎብጣ አያውቅም።

ዝምታዋ እፍረት ይሆን? ከሆነ፣ እፍረቱን ያስተማሯት እነ የኔታ ናቸው ብዬ ልገላገል እችል ነበር። ግን ይኼም አልጣመኝም። «ዝምታዋ የራሷ አይደለም» ካልኩ ስለ እሷ የምናገረው ሌላው የኔታ እኔ ሆንኩ። ምናልባት ለሴት ልጇ ትዳር ብላ ይሆናል። ምናልባትም ኪነቱን ራሱን አልወደደችው ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ተመልምሎ እንቢ ማለት ቀላል አልነበረም። ይኼ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብደኛል። ጠልታው ከነበረ የኔታ ልክ ናቸው፤ በተሳሳተ ምክንያት ልክ ናቸው።

ሊነጋ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቡና ላይ ሰው ሲሰባሰብ አክስቴ ነጠላዋን እንደ ጥምጥም ጠቅልላ የኔታን ትሆን ነበር፤ አረማመዳቸውን፣ ከቁጣ በፊት የምትቀድመዋን ደረቅ ሳል፣ ቅንድባቸውን። ሴቶቹ ሲኒ እስኪጥሉ ይስቁ ነበር። የጠላ ሰው እንዲህ አድርጎ አይጫወትም፤ ወይስ ይጫወታል? ማስረጃዬ ይኸው ብቻ ነው፣ የቡና ላይ ሳቅ።

ወረቀቱ አሁንም ኮቴ ኪስ ውስጥ አለ። ለሙት ዓመቷ እሄዳለሁ፤ መስመሯን ላንብብ ወይ ልተዋት ገና አልቆረጥኩም። የኔታ ዳግመኛ ጣታቸውን ካሳረፉባት ግን እስላለሁ፣ ልክ እሷ በምትስለው አሳሳል።