ገበና የሚሸፈነው ከማን ነው?

ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፡፡ ነገር ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተን በየዩኒቨርስቲው የተበተንነው ተማሪዎች በየዓመቱ ከገና እስከ አስተርእዮ ማርያም ባሉት ሳምንታት የሚገጥመን ይኸው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥቂት ልናብላላው ወደድን፡፡

ወራቱ የታወቀ ነው፡፡ ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ታኅሣሥ 29 በገና ይፈታል፡፡ ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ፣ 21 አስተርእዮ ማርያም ይከተላሉ፡፡ በመካከሉ ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩ አለ፡፡ መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት ከአዲስ አበባ የሚነሣው ተማሪ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ባሕር ዳርን አልፎ፣ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ይደርሳል፡፡ ከዚያ የጋይንቱ ወደ ነፋስ መውጫ ሲቀጥል፣ የእስቴው ጉናን በስተግራ እያየ ወደ መካነ ኢየሱስ ይወርዳል፤ የስማዳው ደግሞ ወገዳ እስኪገባ ገና ብዙ ይቀረዋል፡፡ መነኻሪያው ይጨናነቃል፣ ታሪፉ ይረሳል፣ ከወንበሩ በላይ ሰው ይጫናል፤ ግን መሄድ የቻለ ሁሉ ይሄዳል፡፡ በቻይናም በጨረቃ አቆጣጠር በሚከበረው አዲስ ዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ከከተማ ወደ ትውልድ መንደሩ ይጎርፋል፡፡ ሰው ከቤቱ ርቆ እንጀራ በሚፈልግበት አገር ሁሉ ነገሩ አንድ ነው ማለት ነው፡፡

ታዲያ ቤት ሲደረስ ምን ይሆናል? እልል ይባላል፡፡ «እሰይ ልጄ! ምነው ከሳህ?» ይባላል፡፡ ቡና ይፈላል፣ ዶሮው ይሠራል፣ በጉ ይታረዳል፡፡ ለሰው ተብሎ የተቀመጠው ጋቢ ይወጣል፡፡ ከብቱን ልመልስ፣ ውሃ ልቅዳ ብሎ የተነሣ እንደ ሆነ፣ «ኧረ ተው ተቀመጥ! አንተ እንግዳ አይደለህም እንዴ!» የሚል መልስ ይመጣል፡፡ ቃሉን እኛ አልፈጠርነውም፤ እናቶቻችን ራሳቸው ይሉታል፡፡ በፍቅር ነው የሚሉት፡፡ ሆኖም ቃል ነውና ትርጉም አለው፡፡

አሁን ደግሞ ከዚያው ቤት ውጭ ያለውን እንመልከት፡፡ ታኅሣሥና ጥር ባላገሩ የሚወቃበት ጊዜ ነው፡፡ እኛ መደብ ላይ ተቀምጠን ስንጎርስ፣ አባትና ታናሽ ወንድም አውድማ ላይ በሬ ይነዳሉ፡፡ የተወቃው እህል ግን ሁሉም ጎተራ አይገባም፡፡ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ መዋጮ አለ፣ የበዓል ወጪ አለ፡፡ ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ ገንዘብ ስለሚፈልግ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ስለዚህ እህል የሚረክሰው ልክ ባላገሩ ሻጭ በሚሆንበት ሰሞን ነው፡፡ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ያው ገበሬ ያንኑ እህል አስወድዶ ይገዛል፤ ካጣም ይበደራል፡፡ ይህንን ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም፡፡ በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ የታቀፉት ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡ እንግዲህ በጥር የሚታረደው በግ ሒሳቡ የሚመጣው በነሐሴ ነው፡፡ ሒሳቡን ግን ለእኛ የሚያሳየን የለም፡፡

አማርኛችን ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው፤ ገበና ይለዋል፡፡ ገበና የቤት ውስጥ ጉድለት ነው፤ ይሸፈናል፣ አደባባይ አይወጣም፡፡ የሚሸፈነው ከማን ነው ብንል ከባዳ ነው፡፡ ቤተኛ የሚባለው ገበናውን የሚያውቀው፣ አውቆም የሚሸፍነው ነው፡፡ ባዳ የሚባለው የሚሸፈንበት ነው፡፡ እንግዲያስ የጎተራው ባዶነት ከእኛ የተሸፈነ እንደ ሆነ፣ የቤቱ ልጆች መሆናችን ምኑ ላይ ነው? የጥያቄያችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፡፡

አንዳንድ ጓደኞቻችን መልሱ ቀላል ነው ይላሉ፤ «አንቀበልም ማለት ነው፡፡ በግ አይታረድልን፣ ዶሮ አይሠራልን፣ ድሃን አናስወጣ!» ሐሳቡ ቅን ይመስላል፡፡ ግን እስቲ እናስብበት፡፡ ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው የስጦታ ጥናቱ፣ በብዙ ኅብረተሰቦች ዘንድ መስጠት ብቻ ሳይሆን መቀበልም፣ መመለስም ግዴታ መሆኑን አሳይቷል፡፡ ስጦታን መግፋት ዝምድናን መግፋት ነው፡፡ ይህን ለመረዳት ወደ ፈረንሳይ መሄድም አያስፈልግም፤ የቀረበላትን እንጀራ አልበላም ያለ ሰው በእናቲቱ ፊት ላይ የሚያመጣውን መመልከት ይበቃል፡፡ ዓመት ሙሉ ያሳደገችውን በግ «አያስፈልግም» ስንላት ገንዘብ አላዳንንላትም፤ የመስጠት ክብሯን ነው የቀማናት፡፡ ድሃ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ለሰው የማይሆን መባልን ነው፡፡

ሌሎች ደግሞ ከዚህ አልፈው በዓሉን ራሱን ይከሳሉ፡፡ የበዓል ብዛት ገበሬውን አደኸየ የሚለው ክስ በአገራችን የቆየ ነው፡፡ ከፊሉ እውነት ይሆናል፡፡ ሆኖም በዓል ወጪ ብቻ አይደለም፡፡ የተጣላ የሚታረቀው፣ ጋብቻ የሚጠነሰሰው፣ ማን ታመመ ማን አረፈ የሚባለው በበዓል ነው፡፡ በጥምቀት አብረው የዋሉ ሰዎች በሰኔ ወንፈል ይገባባሉ፤ በጥር ያልተጠያየቁ ግን በክረምት ብድር ለመጠያየቅ ፊት የላቸውም፡፡ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ለዚህ ነው፡፡ ደግሞስ ለድሃ ደስታ አይገባውም ያለው ማን ነው?

ስለዚህ ስሕተቱ በጉ ላይ አይደለም፤ በዓሉም ላይ አይደለም፡፡ ስሕተቱ መሸፋፈኑ ላይ ነው፡፡ ግን መሸፋፈንስ ክፉ ነገር ነውን? ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አንድ ጽሑፍ፣ የሰው ነፍስ ለማዳን እንኳ ቢሆን መዋሸት አይፈቀድም ብሎ ተከራክሯል፡፡ በካንት ሚዛን ከሄድን «ሞልቶልናል ልጄ፣ አንተ ብቻ ተማር» የምትል እናት ጥፋተኛ ልትሆን ነው! የለም፣ ይህንን አንቀበልም፡፡ እሷ የምትሸፍነው ልጇ ትምህርቱን ጥሎ እንዳይመጣ ነው፤ ለራሷ የምታተርፈው የለም፡፡ ሐሰት የሚባለው ሌላውን ለመጉዳት ወይም ራስን ለመጥቀም የሚነገረው ከሆነ የእሷ ቃል በዚያ አይቆጠርም፡፡

ይሁን እንጂ የእኛስ? እኛም እኮ እንሸፍናለን፡፡ በዲግሪ ላይ ዲግሪ ጨምረው ሥራ ያላገኙትን ታላላቆቻችንን እያወቅን «ስመረቅ ሁሉም ይስተካከላል» እንላለን፡፡ የወደቅንበትን ኮርስ አንናገርም፡፡ የተዋስነውን ጃኬት ለብሰን እንገባለን፡፡ እንግዲህ በዓል ማለት ሁለት ገበናዎች ተሸፋፍነው አንድ መሶብ ዙሪያ የሚቀመጡበት ቀን ይሆናል፡፡ እናት ጎተራዋን ትሸፍናለች፤ ልጅ ተስፋውን ይሸፍናል፤ ሁለቱም ይሣሣቃሉ፡፡ ፍቅር አለ፤ መተዋወቅ ግን የለም፡፡ የማይተዋወቁ ሰዎች ደግሞ በክፉ ቀን አይረዳዱም፤ ምን እንደ ጎደለ ማን ያውቃል?

ይህ ነገር በአንድ ቤት ብቻ የተወሰነ አይደለም፡፡ በአገር ደረጃም አይተነዋል፡፡ በ1967 ዓ.ም. 60,000 ገደማ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ፡፡ በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፡፡ ዘማቾቹ ፊደል አስቆጥረዋል፣ ገበሬ አደራጅተዋል፣ ሕይወታቸውን የሰጡም አሉ፤ እኛ እነሱን ለመንቀፍ አንደፍርም፡፡ ግን ብዙዎቹ የገበሬውን ገበና ከመጽሐፍ አንብበው ነበር የሄዱት፤ ከራሱ አፍ ሳይሰሙ መልሱን ይዘውለት መጡ፡፡ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አንድ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለገና ወደ አገራቸው እንዲገቡ ጥሪ አቀረቡ፡፡ አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች፡፡ ከውጭ የገባው ወገን በአበባ ተቀበሉት፤ እንግዳ ሆኖ ሰነበተ፤ እንግዳ ሆኖ ተመለሰ፡፡ አንደኛው ወገን ሳይጠይቅ አስተማረ፤ ሁለተኛው ሳይጠይቅ ተስተናገደ፡፡ እኛ ከሁለቱ ወደ ሁለተኛው እንቀርባለን፤ ልዩነቱ ጥያቄውን ልናነሣ የሚገባን ለገዛ እናቶቻችን መሆኑ ነው፡፡

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ ነገሩን አጋልጦታል፡፡ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ብዙዎቻችን ገናን ከየግቢው ሆነን አሳልፈናል፡፡ ስልክ ሲሠራ እንደውላለን፡፡ «ደኅና ናችሁ ወይ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን፡፡ አንቺስ?» «እኔም ደኅና ነኝ፡፡» አለቀ፡፡ በጉ የለ፣ ቡናው የለ፣ ፊቱ አይታይ፡፡ በበዓሉ ድግስ ተሸፍኖ የነበረው መሸፋፈን ራቁቱን ቀረ፤ «ደኅና ነን» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ሆነ፡፡ ጤፉ ተወቅቶ ይሁን፣ በሬው ተሸጦ ይሁን፣ ታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ይሂድ አይሂድ፣ ከዚያች ቃል ውስጥ ማውጣት አይቻልም፡፡ ከዚህ በፊት የቤታችንን ነገር የማወቅ ልማድ ኖሮን ቢሆን፣ ከድምፅ ብቻ ስንቱን እንረዳ ነበር!

ታዲያ ምን ይበጃል? «በዓል ላይ ተቀምጠን ስንት ዕዳ አለብሽ ብለን እንጠይቅ» የሚል ካለ ነገሩን አልተረዳንም፡፡ መሶብ ፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም፤ ይህ ገበናን መካፈል ሳይሆን መግለጥ ይሆናል፡፡

መልሱን የሚያስተምሩን እህቶቻችን ናቸው፡፡ ልብ ብለን ካየን ከዩኒቨርስቲ የመጣችው እህታችን የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው እንግዳ የምትሆነው፤ በማግሥቱ ጓዳ ትገባለች፡፡ ሊጡን የምታቦካው፣ ወጡን የምታማስለው እሷ ናት፡፡ ፍትሕ ነው አንልም፤ ወንድሟ እየተስተናገደ እሷ ጭስ ውስጥ መዋሏ በራሱ ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልገው በደል ነው፡፡ ግን አንድ ነገር አለ፤ እሷ የዱቄቱ ዕቃ ምን ያህል እንደ ጎደለ ታውቃለች፡፡ ቅቤው ከጎረቤት የመጣ መሆኑን ታውቃለች፡፡ ማንም አልነገራትም፤ ጓዳ ስለ ገባች ዐወቀች፡፡ እናትም ጓዳ ውስጥ ሲሆኑ፣ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ፣ ለማንም የማያወሩትን ለእሷ ያወሩላታል፡፡

እንግዲህ የምንለው ይህንን ነው፤ ገበናን የማወቅ መብት የሚገኘው በጥያቄ ሳይሆን በሥራ ነው፡፡ እህሉን ተሸክሞ ጎተራ ያስገባ ሰው ጎተራው የት ድረስ እንደ ሞላ አይነገረውም፤ በዓይኑ አይቶታል፡፡ መንገድና ፈተና የሚፈቅድለት ለበዓሉ ዋዜማ ሳይሆን ለውቂያው ይድረስ፡፡ ወንዶቹም መንሽና ላይዳ እንያዝ፤ ውሃም እንቅዳ፤ ጓዳም እንግባ፡፡ «እንግዳ አይደለህም እንዴ» ስንባል «አይደለሁም» ብለን በሥራ እንመልስ፤ ባላገሩስ ቢሆን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በማግሥቱ ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ነው ይል የለ? እኛ መዳብ እስክንሆን እንሰንብት፡፡ በጉንም በደስታ እንብላ፤ ዋጋውን ዐውቀን የበላነው ግን ዕዳችን እንደ ሆነ ይቆጠር፡፡ የራሳችንንም ገበና እኛው አስቀድመን እንግለጥ፤ ልጅ የወደቀበትን ካልተናገረ እናት የተበደረችውን እንድትናገር መጠበቅ አይገባውምና፡፡

አንድ ተጨማሪ ነገር፡፡ በዓል በጥር ብቻ አይደለም፡፡ ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ የደብረ ታቦር በዓል፣ የዞናችንን ዋና ከተማ ስም የያዘው፡፡ ትምህርት ተዘግቶ እያለ ብዙዎቻችን ያኔ በከተማ ሥራ ፍለጋ እንዞራለን እንጂ አገር ቤት አንገባም፤ ጭቃ ነው፣ የሚታረድ የለም፣ ሠርግም የለም፡፡ የጥር ሒሳብ የሚከፈለው ግን በዚያ ወር ነው፡፡ በነሐሴ ቤቱ የሚገባ ልጅ ማንም በግ ሊያርድለት አይችልም፤ ስለዚህም ማንም እንግዳ አይለውም፡፡ የቤት ልጅ መሆናችንን ማወቅ የምንፈልግ ከሆነ ለአንድ ዓመት እንኳ ጉዟችንን በዚያ ወር አድርገን እንየው፡፡