ስጦታ ወይስ ውለታ?

የምርጫ ስጦታ ጉቦ አይደለም ይባላል። ይሁን፤ ውለታ ግን ሳይነገርም ያስራል። ለምረጡኝ ዘመቻው ብዙ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ምክር ቤት ሲገባ የሰጪውን ፊት እንዴት ይረሳል?

በአሜሪካ የሜይን ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1996 በድምፁ ባጸደቀው ሕግ፣ ለግዛቲቱ የተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደርና በፈቃዱ በሕጉ የገባ እጩ ቢያንስ ከ60 የወረዳው መራጮች አምስት አምስት ዶላር ያሰባስባል። ገንዘቡ ወደ እጩው ኪስ ሳይሆን ወደ ሕዝብ ቋት ይገባል፤ የዘመቻውን ወጪም ቋቱ ይሸፍናል። ከዚያ ወዲያ ከግል ሰው አይቀበልም።

«የማልወደው እጩ በእኔ ግብር ለምን ይረዳል?» የሚሉ አሉ፤ ቀላል ሙግት አይደለም። ነገር ግን ወንድሞችና እህቶች፣ የፈረደብን ዳኛም ደመወዙ ከግብራችን ነው፤ ተከራካሪው ይክፈለው ያልን ግን የለንም። እኛን ቅር የሚለን ሌላ ነው፤ ሕጉ በፈቃድ በመሆኑ ባለጠጋ ወዳጅ ያለው እጩ ሊተወው ይችላል።