የጣላችሁትን ንገሩኝ

ጎጃም ውስጥ በአንድ ቅኔ ቤት ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ አንዱ ከሸዋ፣ ሌላው ከላስታ የመጣ። ተማሪው ስለበዛ የኔታ ለእያንዳንዱ የሚተርፋቸው ጊዜ አጭር ነበር። ከደብሩ በታች ባለው ጫካ ግን አንድ አረጋዊ መሪጌታ ይኖሩ ነበር። በሌሊት ቢሄዱባቸው አይቆጡም፤ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ቢጠይቋቸው አይሰለቹም። የጠየቋቸውን ይሰጣሉ፤ ያልጠየቋቸውን አይጨምሩም።

የሸዋው ልጅ፣ «አባቴ፣ ለዛሬ ጉባኤ ቃና ይስጡኝ» ይላቸዋል። ሁለቱን ቤት ይቀበላል፣ በቃሉ እስኪይዝ ይደጋግማል፣ ይመለሳል።

የላስታው ልጅ ከዛፍ ሥር ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ሲመሽ ያልሞላውን ቤት ይዞ ይሄዳል። «ሰሙ ከወርቁ አልገጥም አለኝ። አይሙሉልኝ፤ የቱ ጋ እንደሳትኩ ብቻ ይንገሩኝ።» «ግሱን እንደገና አርባው» ይሉታል። ያረባል፤ ያፈርሳል፤ ሌላ ይቆጥራል። አንዳንድ ቀን ባዶ እጁን የኔታ ፊት ቀርቦ ያፍራል። የሸዋው አንድም ቀን አላፈረም።

ዓመቱ ሲገባደድ የኔታ ሁለቱን ጠሩ። ሁለቱም ተቀኙ፤ የሸዋው እንዲያውም በለጠ። የኔታ ጥቂት ዝም አሉና፣ «አሁን ደግሞ እዚህ ለመድረስ የጣላችሁትን ንገሩኝ» አሉ። የላስታው ልጅ እዚህ ላይ ዜማው ጎደለ፣ እዚህ ላይ ወርቁ ከሰሙ ሸሸ እያለ ሲዘረዝር ፀሐይ አዘቀዘቀች። የሸዋው ልጅ የጣለው ነገር አልነበረም። የኔታ ወደ ቀጣዩ የቅኔ ዓይነት፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ ያሻገሩት የላስታውን ነው።

የሸዋው ልጅ ሰነፍ አልነበረም። በሌሊት ጫካ ድረስ የሚሄድ ሰነፍ የለም።

ያ አረጋዊ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኖ በዩኒቨርሲቲ ተማሪው ስልክ ውስጥ ነው። የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም በ1984 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ለብቻው መምህር የተመደበለት መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን ይበልጣል፤ ችግሩ ለሁሉም መምህር ከየት ይመጣል የሚለው ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል፤ ሁሉ ነገር ግን በአጠያየቁ ላይ ያርፋል። በ2023 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች፣ መልሱን በአንዴ እንዳይሰጥና ደረጃ በደረጃ እንዲያስኬድ በታዘዘ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጠኚ ሲማሩ፣ ክፍል ውስጥ ከሚማሩት ይልቅ ባነሰ ጊዜ የበለጠ ዕውቀት ጨበጡ። በቱርክ ደግሞ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ እንዳሻቸው የተጠቀሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ልምምዱን በደንብ ሠሩ፤ መሣሪያው ሲወሰድባቸው ግን የሒሳብ ውጤታቸው ጨርሶ ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ አነሰ። ፍንጭ ብቻ የሚሰጠውን የተጠቀሙት ይህ ጉዳት አልደረሰባቸውም።

መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። አሳይመንት ስትቀበሉ ተማሪው ከመሣሪያው ጋር ያደረገውን ምልልስና የሰረዘውን ሙከራ አብራችሁ ጠይቁ፤ ነጥብም ስጡበት። በተጨናነቀ ክፍል ሁሉንም ማንበብ አይቻልም። በየሳምንቱ አምስት ተማሪ ጠርቶ አሥር አሥር ደቂቃ ማነጋገር ግን ይቻላል።