ስለ ትንሿ ባቡር ጽዳትና ቅባት ለወጣቶች የተሰጠ ምክር

ልጆቼ ሆይ፤ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በስታዲየሙ በኩል ወደ ለገሀር የሚሄድ መንገደኛ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከራሱ በላይ ሲያልፍ እየሰማ ጥቂት እንደ ተራመደ፣ በኅዳር 1922 ዓ.ም. ከተመረቀው ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ይደርሳልና፣ ያለፈውን ዘመን ባቡር መውደድ ለከተማችን ልጅ ባዕድ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከእናንተ መካከል በሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ የባቡር አምሳያ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የወረሰ ቢኖር፣ እንዴት እንደሚያጸዳትና እንደሚቀባት ልመክረው እወዳለሁ።

አስቀድሞ፣ ለብዙ ዘመን በሣጥን ተዘግታ የኖረችውን ሞተር ለመሞከር አትቸኩሉ። የጥንቱ ዘይት ደርቆ ጥርሶቿን ስላጣበቀ፣ ኤሌክትሪክ ሲገባባት መዞር ተስኗት ትግላለች፤ ከቆየችም የመዳብ ሽቦዋ ተቃጥሎ ውርሱ በአንድ ምሽት ይጠፋል። በጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ያዙ፤ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ደርድሩ። አሮጌውን ቅባት በአልኮል በራሰ ጥጥ አንሡት፤ ቤንዚን ግን ፕላስቲኩንና ቀለሙን ስለሚበላ፣ እሳትም ስለሚጠራ፣ ወደ ሥራችሁ አይቅረብ። ካርቦኖቹ የሚያርፉበትን የመዳብ ክብ እስኪያበራ ጥረጉት፤ በክፍልፋዮቹ መካከል የተቀበረውን ጥቁር ትቢያም በቀጭን የእንጨት ስንጥር አውጡ። ይህን ስፍራ ዘይት ጨርሶ አይንካው፤ ከካርቦኑ ዱቄት ጋር ሲቀላቀል ኤሌክትሪኩ ሊሄድ ወደማይገባው ይሄዳልና።

ቅባቱን በተመለከተ፣ የወጥ ቤት ዘይት፣ ይልቁንም የኑግ፣ ውሎ አድሮ ስለሚደርቅ አይሆንም። ለዘንጎቹ ንጹሕ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ለጥርሶቹ ደግሞ ፕላስቲክ የማይጎዳ ስስ ግራሶ ይበቃል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዙ የነበሩት የእንፋሎት ባቡሮች ዘይታቸው በየጉዞው እየፈሰሰ ስለሚያልቅ ደጋግሞ መጨመር ግዴታ ነበር፤ የእናንተይቱ ግን በአንድ ቅባት ብዙ ትሄዳለች። ደግሞ ሒሳቡን ተመልከቱ፦ የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ በ1 ለ87 ልክ የተሠራው አምሳያው በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ አንዲት ጠብታ የሚሊ ሊትር ሃያኛ እጅ ብትሆን፣ በትልቁ ባቡር መጠን ሲታሰብ ከ30 ሊትር በላይ ዘይት በአንድ ዘንግ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው! (ለጋስነት በሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ በዚህ ግን አይደለም።) ካህኑ ሕፃኑን በሜሮን ሲያትም ጣቱን ብቻ እያስነካ በየአካላቱ እንደሚቀባ፣ እናንተም የመርፌ ጫፍ ዘይት አስነክታችሁ እያንዳንዱን ዘንግ ከማረፊያው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ብቻ ንኩት።

የውጭ ቀለሟን ለማብራት የሚደክሙ አይቻለሁ፤ የተቧጠጠው ቀለም የዕድሜዋ ምስክር ነውና፣ እኔ ብሆን እንዳለ እተወዋለሁ። ሥራው ሲያበቃ ጥቂት ደቂቃ ወደ ፊት፣ ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ፣ ፉርጎ ሳታስከትሉባት በዝግታ አስኪዷት። ያን ጊዜ ብትጮህ፣ ጩኸቱ ከየት እንደ መጣ ሳትለዩ ዘይት አትጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ በዘንጉ የተጠመጠመ ፀጉር ሆኖ ይገኛል። ወደ መንኰራኵሮቿ የወረደውን ትርፍ ዘይት፣ ሐዲዱንም ጭምር፣ በአልኮል ጥረጉና ከዚያ በኋላ ፉርጎዎቿን ቀጥሉላት።