ቅድስናና የሠራተኛ እጅ

ቅድስና ከሰው የዕለት ኑሮ ርቆ የሚገኝ ነገር ነው ወይስ በዚያው በኑሮው ውስጥ ያለ? ይህን ጥያቄ ሊቃውንት በቃል፣ ሠዓሊዎችም በቀለም ሲመልሱት ኖረዋል።

በብዙ የኢትዮጵያ የብሥራት ሥዕሎች መልአኩ ገብርኤል ድንግል ማርያምን የሚያገኛት ፈትል ስትፈትል ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ ሄንሪ ኦሳዋ ታነር እ.ኤ.አ. በ1898 በሣለው ብሥራት ደግሞ አክሊለ ብርሃን የሌላት፣ አልጋዋ ላይ የተቀመጠች ተራ ልጃገረድ ናት። በበላዔ ሰብእ ሥዕልም 78 ሰው የበላውን ኃጢአተኛ የሚያድነው ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። ሁሉም የሚመሰክሩት ቅድስና ከጓዳ፣ ከእንዝርትና ከውኃ ቅል እንደማይርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 11ዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በተመለከተ፣ ሰው በቀን የጠረበውን ያህል መላእክት በሌሊት እጥፍ ይጠርቡ ነበር ይባላል። ይህ ትውፊት የሠራተኛውን ላብ ይሸሽጋል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ትውፊቱ ሰውን ከሥራው አላስወጣም፤ መላእክትን ወደ ሥራው አስገባቸው እንጂ። መሮ መጨበጥ መልአክን ካላዋረደ፣ ሰውን እንዴት ያዋርዳል?

ተቃርኖው ያለው ሌላ ስፍራ ነው። ዓለቱ ያለ ብረት አልተፈለፈለም፤ ብረቱም ያለ ቀጥቃጭ አልተሳለም። ሆኖም የተጠረበውን ድንጋይ የሚሳለመው ኅብረተሰብ መሮውን የሠራውን ሰው «ቡዳ» ብሎ ሲሸሽ፣ ሸክላ ሠሪዋን ሲንቅ፣ ልጆቻቸውንም ከጋብቻ ሲያርቅ ኖሯል። በሥዕል ለፈታይቱ ይሰግዳል፤ በገበያ ሸማኔውን ይሰድባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ዐዋጅ አፍን ይገታ እንደሆነ እንጂ ልብን አይለውጥም። ልብን ለመለወጥ ከዐዋጅ ይልቅ ሥዕል ይቀርባል፤ ሰው ያከበረውን ምስል በጎረቤቱ ፊት ላይ ሲያየው ይደነግጣልና።

በደላንታ፣ በወገል ጤና ገደሎች፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ኦፓል የሚያወጡ ወጣቶች ናዳ እያሰጋቸው ዓለቱን በእጅ መሣሪያ ይፈለፍላሉ። የከበረው ድንጋይ በሩቅ አገር ጣት ላይ ሲያበራ፣ ያወጣው እጅ ግን አይታይም። የላሊበላን ጠራቢዎች ስም እንኳ ታሪክ አልያዘውም። እንግዲህ የዘመኑ ሠዓሊ የሚጠየቀው የቅዱሳኑን አክሊል እንዲያነሣ አይደለም፤ ብርሃኑ እስከ ቀጥቃጩ ወናፍና እስከ ሸክላ ሠሪዋ ምድጃ እንዲደርስ ነው። ቅዱሱን ሥራ አክብሮ ሠሪውን መናቅ፣ ለሥዕሉ እየሰገዱ የሥዕሉን ትምህርት መካድ ነውና።